በመድኃኒት ላይ የሚጻፈው የጊዜ ወሰንና የመድኃኒት እጥረት

አብዛኛው መድኃኒት ከፋብሪካ ሲወጣ በሣጥኑ ጐን ወይም በብልቃጡ ልጥፍ ላይ ሁለት ቀኖች ተጽፈውበት ይወጣል፤ አንደኛው የተሠራበት ቀን፣ ሁለተኛው አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ነው። ይህ ሁለተኛው ቀን በፊደሉ ደቃቅ ይሁን እንጂ የሚያስከትለው ነገር ደቃቅ አይደለም። በእርሱ ምክንያት ብዙ መድኃኒት ከመደርደሪያ እየወረደ ይቃጠላል፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ በሌላው ጤና ጣቢያ ሕመምተኛው «መድኃኒቱ አልቋል፤ ከውጭ ፈልጉ» ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ቀኑ እንዴት እንደሚወሰን፣ ማን እንደሚወስነው፣ ሊራዘም ይችል እንደ ሆነ መጠየቅ የመድኃኒት ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የማንኛውም አስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው።

በዚህ ጕዳይ በከተማችን ሰዎች ዘንድ ሁለት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ መድኃኒቱ በተጻፈው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ወደ መርዝነት የሚለወጥ ይመስላቸዋል፤ ቀኗ ባለፈ በሳምንቱ አንዲት የራስ ምታት ፍሬ የዋጠ ሰው እስኪነጋ ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም። ሌሎቹ ደግሞ ቀኑን ነጋዴ አዲስ ዕቃ ለመሸጥ የፈጠረው ዘዴ ነው ብለው ይንቁታል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለታላቁ ልጃቸው የታዘዘውን ሽሮፕ ዛሬ ለታናሹ ያጠጣሉ። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከሁለቱ ይልቅ የሚያስፈራው ኋለኛው ነው። ፊተኛው ሰው የሚያጣው እንቅልፉን ሲሆን፣ ኋለኛው ሰው የሚያጣው ልጁን ሊሆን ይችላል።

ቀኑ እንዴት ይወሰናል?

በመድኃኒት ውስጥ የሚገኘው ፈዋሽ ንጥረ ነገር በጊዜ ብዛት እየተበታተነ ይቀንሳል። ይህንንም ለማወቅ ፋብሪካው ከየምርቱ ናሙና ወስዶ ሙቀታቸውና ርጥበታቸው ተለክቶ በተወሰነ ካቢኔዎች ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንደኛው ካቢኔ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 60 በመቶ ርጥበት አለው፤ ወደ ሞቃት አገሮች የሚላከው መድኃኒት ግን በ30 ዲግሪ እንዲፈተን ይፈለጋል። ሌላው ካቢኔ ነገሩን ለማፋጠን 40 ዲግሪ ሙቀትና 75 በመቶ ርጥበት ተደርጎለት ናሙናው 6 ወር ይከርምበታል። በውጭ አገር ስማር እንዲህ ያለውን ካቢኔ ከፍቼ ብመለከት ከሩቅ ሲያዩት ከተራ የልብስ ቁም ሣጥን የማይለይ ነበር፤ ነገር ግን በዓለም ላይ ስንት ሣጥን መድኃኒት እንደሚጣልና ስንት እንደሚተርፍ የሚቈረጠው በእርሱ ውስጥ ነው።

ናሙናው በየጊዜው እየወጣ የፈዋሹ ንጥረ ነገር መጠን ይለካል፤ ፍሬው በውኃ ውስጥ የሚሟሟበት ፍጥነት፣ ቀለሙ፣ ከመበላሸት የተነሣ የተፈጠሩ ባዕድ ነገሮችም ይመረመራሉ። ለአብዛኞቹ መድኃኒቶች የተፈቀደው የታች ወሰን በልጥፉ ላይ ከተጻፈው መጠን 90 በመቶ ነው። ይህም ማለት 500 ሚሊግራም ተብሎ የተጻፈበት ፍሬ 450 ሚሊግራም እስከ ቀረው ድረስ፣ ጎጂ ባዕድ ነገርም ካልተገኘበት፣ እንደ ሙሉ ይቈጠራል ማለት ነው።

እንግዲህ ፋብሪካው 2 ወይም 3 ዓመት ፈትኖ ውጤቱ መልካም ሆኖ ሲያገኘው ያንኑ ያህል ዓመት በሣጥኑ ላይ ይጽፋል። በ4ኛው ወይም በ6ኛው ዓመት መድኃኒቱ ምን እንደሚሆን ግን ብዙ ጊዜ አይፈትንም። መፈተን ወጪ አለው፤ ዕድሜው የረዘመ መድኃኒት ደግሞ ቶሎ አይተካም። ፋብሪካው ጥቅሙን የሚቀንስበትን ነገር በገዛ ገንዘቡ እንዲመረምር ካልታዘዘ በቀር ይመረምራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ አንባቢ ይህን አንድ ነገር በልቡ ይያዝ፤ የተጻፈው ቀን ፋብሪካው ኃላፊነት የወሰደበት የመጨረሻ ቀን ነው እንጂ መድኃኒቱ የሚሞትበት ቀን አይደለም። ኃላፊነቱም የሚጸናው ዕቃው ሳይከፈት፣ በልጥፉ በተጻፈው ሙቀት ለተቀመጠው መድኃኒት ብቻ ነው።

ይህ ልማድ በራሱ የቆየ አይደለም። በአሜሪካ የጊዜ ወሰን በመድኃኒቶች ሁሉ ላይ እንዲጻፍ በደንብ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

መድኃኒት የሚበላሸው በምን ምክንያት ነው?

አራት ጠላቶች አሉት፤ ሙቀት፣ ርጥበት፣ ብርሃንና አየር። ከእነዚህ ሁሉ የሚብሰው ሙቀት ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪዎች እንደሚያውቁት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት ሁለት፣ ሦስት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ በ25 ዲግሪ 3 ዓመት እንዲቆይ የተወሰነ መድኃኒት በአፋር በረሓ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ከከረመ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቀን ለእርሱ አይሠራም። ቀኑ ገና ዓመት ይቀረዋል እየተባለ መድኃኒቱ ግን አስቀድሞ ደክሞ ሊገኝ ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ በቀዝቃዛና ደረቅ መጋዘን በሚገባ የተያዘ ፍሬ ቀኑ ካለፈ በኋላ ለብዙ ዓመት ሙሉ ኀይሉን ይዞ ይገኛል። ቀን ብቻውን ዳኛ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ርጥበት የሚሠራውን ለተማሪዎች ለማሳየት አስፕሪን በቂ ነው። አስፕሪን ርጥበት ሲያገኘው ተበታትኖ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና ወደ አሴቲክ አሲድ ይለወጣል፤ አሴቲክ አሲድም ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘው ነገር ነው። ቆይቶ የተከፈተ የአስፕሪን ጠርሙስ ሲያሸቱት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው ስለዚህ ነው። አስተማሪው አንድ ፍሬ በርጥብ ሥፍራ አስቀምጦ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢያሸታቸው ከመጽሐፍ የተሻለ ትምህርት ይሆናቸዋል፤ ፍሬውን ማንም እንዳይቀምሰው ብቻ ይጠንቀቅ።

አንባቢ «የተበላሸ መድኃኒት የሚያደርሰው ጉዳት አለመፈወስ ብቻ ነውን ወይስ ይመርዛል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በአብዛኛው ጉዳቱ አለመፈወሱ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት እንደ ተገለጸው፣ የተበላሸ ቴትራሳይክሊን የዋጡ ጥቂት ሕሙማን ኩላሊታቸው ታውኮ ነበር። ከጊዜ በኋላ የመድኃኒቱ አሠራር ተለውጦ መበላሸቱን የሚያፋጥነው ሲትሪክ አሲድ ከውስጡ ወጣ። ይህ ታሪክ የሚጠቀሰው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም፤ «ምንም አያደርግም» የሚለው ቃል ለመድኃኒት ሁሉ እንደማይሠራ ለማስረዳት ነው።

አለመፈወስንም አቅልሎ ማየት አይገባም። በወሊድ ጊዜ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት ነው። ኀይሉ የጠፋ ኦክሲቶሲን መርዝ አይደለም፤ ውኃ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ደሟ ለሚፈሰው እናት ውኃ መወጋት ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው። ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ናይትሮግሊሰሪን በባሕርዩ የሚተን ስለ ሆነ ከመጀመሪያው ጠርሙሱ ወደ ሌላ ዕቃ ቢገለበጥ ቀኑ ሳያልፍ ሊከሽፍ ይችላል። በውኃ የሚበጠበጠው የሕፃናት አሞክሲሲሊን ደግሞ ዱቄት ሳለ ዓመታት የሚቆየውን ያህል ከተበጠበጠ በኋላ እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ይቆያል፤ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቀን የሚናገረው ስለ ደረቁ ዱቄት ነው። የተከፈተ የዓይን ጠብታም በአብዛኛው ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል፤ እዚህ ላይ የሚፈራው የኀይሉ መቀነስ ሳይሆን ወደ ውስጡ የገባው ተሕዋስ ነው። ከዚህ የተነሣ ስለ ጊዜ ማራዘም በምንናገርበት ሁሉ የምንናገረው በአብዛኛው ስለ ደረቅ ፍሬና ስለ እንክብል፣ ስለ ጥቂት የመርፌ መድኃኒቶችም መሆኑ ይታወቅ።

ቀኑ ሊራዘም ይችላልን?

ይችላል፤ ተደርጎም ታይቷል። በአሜሪካ የጦር ሠራዊቱ ለክፉ ቀን ብሎ ያከማቸው ብዙ መድኃኒት በየጊዜው ቀኑ እያለፈ ስለ ተቃጠለና መተካቱም እጅግ ብዙ ገንዘብ ስለ ጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የመከላከያ መሥሪያ ቤቱና የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ተስማምተው የማራዘሚያ ሥራ አቋቋሙ። ከየመጋዘኑ ናሙና እየተወሰደ በመንግሥት ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ፈተናውን ያለፈው ምርት አዲስ ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያም በኋላ እንደ ገና እየተመረመረ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የሥራው ውጤት እንደሚያስረዳው ከተመረመሩት የ122 ዓይነት መድኃኒቶች 3,005 ምርቶች ውስጥ 88 በመቶው ከተጻፈው ቀን በኋላ ቢያንስ 1 ዓመት የተራዘመላቸው ሲሆን፣ አማካይ ማራዘሚያውም 66 ወር ነበር። አምስት ዓመት ተኩል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ከዚህም ይልቅ ያስደንቃል። በአንድ መድኃኒት ቤት ተረስተው የቀሩ፣ ቀናቸው ካለፈ ከ28 እስከ 40 ዓመት የሆናቸው፣ ሣጥናቸው ያልተከፈተ 8 ዓይነት መድኃኒቶች ተገኝተው ሲመረመሩ ከተለኩት 14 ንጥረ ነገሮች 12ቱ ቢያንስ 90 በመቶ ኀይላቸውን ይዘው ተገኙ። ከወደቁት ሁለቱ አንዱ አስፕሪን ነው፤ ስለ ኮምጣጤው ያነበበ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ነገር ግን ከእነዚህ ቍጥሮች ችኩል ፍርድ እንዳይወጣ እሰጋለሁ። በ2006ቱ ውጤት አንዱ ፋብሪካ የሠራው አንድ ዓይነት መድኃኒት ሳይቀር አንደኛው ምርት ለብዙ ዓመት ሲያልፍ ሌላው ምርት ቶሎ ወድቆ ተገኝቷል። «ይህ መድኃኒት ይቆያል» ብሎ በስሙ ብቻ መወሰን የማይቻለውና ምርት በምርት መመርመር ያስፈለገው ስለዚህ ነው። ሁለተኛም የሠራዊቱ መጋዘን ሙቀቱ የሚጠበቅ ነው። ሦስተኛም ይህ ማራዘሚያ በአሜሪካም ቢሆን የመንግሥትን ክምችት የሚመለከት ነው እንጂ ለመንደሩ መድኃኒት ቤትና ለተራው ሆስፒታል አልተሰጠም፤ እነርሱ ቀኑ ያለፈውን ያስወግዳሉ። ሀብታም አገር እንኳ ያወቀውን እውነት ለሁሉ አላዳረሰም ማለት ነው።

እጥረት ሲበረታ ግን በሩ በመጠኑ ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 አዲሱ ኢንፍሉዌንዛ በዓለም ሲሠራጭ የታሚፍሉ እንክብል ዕድሜ ከ5 ዓመት ወደ 7 ዓመት እንዲራዘም የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለድንገተኛ ሕክምና የሚያገለግሉ እንደ አትሮፒንና ኤፒነፍሪን ያሉ የመርፌ መድኃኒቶች በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሲጠፉ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ የተወሰኑ ምርቶችን ቍጥር ዘርዝሮ ቀናቸውን አራዘመ። በዓመቱም፣ በ2018፣ ለከባድ የአለርጂ አደጋ ራሱ ታማሚው የሚወጋው የኤፒነፍሪን መርፌ ሲያንስ፣ የተለዩ ምርቶች ከተጻፈው ቀን በኋላ ለ4 ወር እንዲሠራባቸው ተፈቀደ።

በእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አለ። ያራዘመው ሐኪሙ ወይም ባለመድኃኒት ቤቱ አይደለም፤ ፋብሪካው የምርመራ ማስረጃውን አቀረበ፣ የመንግሥት ባለሥልጣን መረመረው፣ የምርቱም ቍጥር ሕዝብ እንዲያየው በዝርዝር ወጣ። በሣጥኑ ላይ ከቀኑ አጠገብ የሚታተመውና ብዙ ሰው ከቍም ነገር የማይቈጥረው የምርት ቍጥር ጥቅሙ ይህ ነው።

በእኛ አገርስ?

የምንጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ዕድሜው 24 ወር የሆነ መድኃኒት ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ለውጭ ምንዛሪ ተራ ጠብቆ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ በጅቡቲ ወርዶ፣ ከማእከላዊው መጋዘን ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ከዕድሜው ብዙው በመንገድ ያልቃል። ስለዚህ እኛ አገር ላይ የሚባክነው መድኃኒት በአብዛኛው ከቀኑ ማጠር ብቻ ሳይሆን ከአመጣጡና ከአከፋፈሉ የተነሣ ነው። በአንዱ ወረዳ በስድስት ወር የማያልቅ መድኃኒት ተከምሮ፣ በጎረቤቱ ወረዳ ያው መድኃኒት ጠፍቶ ይገኛል። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ደብዳቤና አንድ ተሽከርካሪ ነበር የሚያስፈልገው። በመጋዘንም ውስጥ አዲስ የመጣው ከፊት ተደርድሮ አሮጌው ከኋላ ይረሳል፤ ሕጉ ግን ቀኑ አስቀድሞ የሚያልፈው አስቀድሞ ይውጣ የሚል ነው። ይህን የምጽፈው ቀን ማራዘም መጋዘንን ከማስተካከል እንዳይቀድም ነው፤ ጐታው የቀደደ ሰው ስንዴ ቢጨምርበት አይሞላለትም።

ከውጭ በልግስና የሚመጣው መድኃኒት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 በአርመንያ የመሬት መንቀጥቀጥ በሆነ ጊዜ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተላከ፤ ከመድኃኒቱም 8 በመቶው በደረሰበት ቀን ጊዜው ያለፈ ነበር። በ1989 በኤርትራ፣ በጦርነቱ ዘመን፣ ቀኑ ያለፈ ሰባት የጭነት መኪና አስፕሪን መጥቶ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር እንደ ፈጀ የዓለም ጤና ድርጅት መዝግቦታል። እንዲህ ካለው በኋላ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1996 የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ አወጣ፤ ከመመሪያዎቹም አንዱ ተለጋሹ አገር ሲደርስ ቢያንስ 1 ዓመት ዕድሜ የሚቀረው ይሁን የሚል ነው። የሚሰጥ እጅ ይመሰገናል፤ ነገር ግን ሰጪው በአገሩ የማቃጠያ ወጪ እንዳያወጣ ለድኻ የሚልከው ሣጥን ስጦታ ሊባል አይገባውም።

በሕጋችን ጊዜው ያለፈ መድኃኒት መሸጥና ማደል የተከለከለ ነው፤ ይህንንም የሚቈጣጠረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ሥልጣን የተሰጠው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ክልከላው ትክክለኛ ነው፤ መላላትም የለበትም። በእኔ አስተያየት ግን ከክልከላው ጎን ለጎን ሦስት ነገሮች በደንብ ቢጻፉ እጥረቱን በመጠኑ ያቃልላሉ። የመጀመሪያው፣ ለሕይወት አስፈላጊ የሆኑ መድኃኒቶችን ለአገራችን የሚሸጥ ፋብሪካ በ30 ዲግሪ ሙቀት እስከ 5 ዓመት ድረስ ፈትኖ ውጤቱን እንዲያቀርብ መጠየቅ ነው። ከተመረተ በኋላ ከማራዘም አስቀድሞ እውነተኛውን ዕድሜ ማጻፍ ይሻላልና። ሁለተኛው፣ ግዥ ሲፈጸም አገር ሲገባ ሊቀረው የሚገባው ዕድሜ በውሉ ውስጥ መጠቀሱና መከበሩ ነው፤ በውል መጻፉ አይቸግርም፤ የሚቸግረው ሁለት ወር የቀረውን ጭነት «ከሚጠፋ ይግባ» እያሉ መቀበል ነው። ሦስተኛው በእጥረት ጊዜ ብቻ፣ በማእከላዊ መጋዘን በሚገባ ተጠብቆ የቆየ ደረቅ ፍሬ በላቦራቶሪ ተመርምሮ፣ የምርት ቍጥሩ ለሕዝብ ተገልጾ፣ ለተወሰኑ ወራት እንዲራዘም የሚፈቅድ ሥርዐት ነው። የክትባት፣ የኢንሱሊን፣ የሽሮፕና የዓይን ጠብታ ነገር ከዚህ ውጭ ይሁን።

ሦስተኛውን አሳብ የሚቃወሙ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ መቃወሚያቸውም የሚናቅ አይደለም። «መንግሥት ቀን አራዘመ» የተባለ ዕለት፣ አሮጌውን ቀን በአልኮል ፍቆ አዲስ የሚያትም ነጋዴ ምክንያት ያገኛል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ስለዚህም ማራዘሚያው በመንግሥት መጋዘን ካለው ዕቃ እንዳያልፍ፣ በገበያ ላይ ላለው መድኃኒት ከቶ እንዳይሠራ መከልከል ያስፈልጋል። የሕዝብ እምነትም አብሮ የሚታሰብ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ማላዊ ቀኑ ያለፈ 19,610 መጠን የኮቪድ ክትባት በአደባባይ ያቃጠለችው ሕዝቡ «ጊዜው ያለፈ ክትባት ይወጉናል» ብሎ ከመከተብ እንዳይሸሽ ነበር። ክትባት እያነሰ ክትባት ማቃጠል ያሳዝናል፤ ነገር ግን ያልታመነ ክትባት በማቀዝቀዣ ቢቀመጥም ማንንም አያድንም። እንግዲህ ማራዘም የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ለምን እንደሚያራዝም ለሕዝቡ ማስተማር ግዴታው ነው፤ ይህም ጽሑፍ አንዱ ዓላማው ይኸው ነው።

ስለ ዘመን አቈጣጠር

አሁን የምጽፈው አስተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ጽፈው እንዲያስተምሩት የምለምነው ነው። በመድኃኒት ላይ የሚጻፈው ዘመን የአውሮፓውያን ነው፤ የእኛ ሕዝብ ግን በራሱ ዘመን ያነበዋል። ጉዳቱን እዩት። አንድ ሰው በጥር 2018 ዓ.ም. የገዛው ሣጥን ላይ 05/2018 የሚል ቢያገኝ አምስተኛው ወር ጥር ነውና «በዚሁ ወር ነው የሚያልፈው፤ ደረስኩበት» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ያ መድኃኒት ያበቃው በሜይ 2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ በእኛ ግንቦት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር፤ ሰውየው የገዛው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ያለፈበትን ነው። እንዲሁም 08/2026 የሚለውን ያነበበ ሰው ገና ስምንት ዓመት አለው ብሎ በሣጥን ቢያኖረው፣ መድኃኒቱ ነሐሴ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ያልፍበታል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቀን ሳይጠቀስ ወርና ዓመት ብቻ ከተጻፈ መድኃኒቱ የሚያገለግለው እስከዚያ ወር የመጨረሻ ቀን ድረስ ነው። የተጻፈው ወር ከ1 እስከ 8 ከሆነ በወሩ ላይ 4 ይደመራል፣ ከዓመቱ 8 ይቀነሳል። ወሩ ከ9 እስከ 12 ከሆነ ከወሩ 8፣ ከዓመቱ 7 ይቀነሳል። በዚህ መንገድ የሚገኘው የእኛ ወር ከ19 እስከ 25 ባለው ቀን ላይ የመድኃኒቱ ጊዜ ያበቃል። ለምሳሌ 12/2025 ቢጻፍ፣ ከ12 ላይ 8 ሲነሣ 4፣ ማለት ታኅሣሥ፤ ከ2025 ላይ 7 ሲነሣ 2018፤ ስለዚህ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። 03/2026 ቢሆን ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። ተማሪዎች ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይማሩታል፤ ማታም ቤታቸው ገብተው ለእናትና ለአባታቸው ሣጥኑን ያነቡላቸዋል። አንዳንድ ፋብሪካ ወሩን አስቀድሞ ቀኑን አስከትሎ ስለሚጽፍ፣ ሁለት ትንንሽ ቍጥሮች ተከታትለው ሲገኙና ሲያጠራጥሩ የመድኃኒት ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል፤ ባለሙያው በመጠየቁ አይቈጣም።

በቤት ውስጥ

ስለ ማራዘም የተጻፈው ሁሉ የመንግሥትና የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ በቤት ውስጥ ማንም በገዛ እጁ እንዳያራዝም። የቤታችሁ መድኃኒት በምን ሙቀት እንደ ከረመ የሚያውቅ ላቦራቶሪ የለም። ከምድጃ አጠገብና በፀሐይ በሚመታ መስኮት ላይ አታኑሩት፤ ከሣጥኑ አውጥታችሁ በወረቀት ብትጠቀልሉት ቀኑም የምርት ቍጥሩም ይጠፋል፤ ከማሸጊያውም ፍሬ ስትቈርጡ ቀኑ ከተጻፈበት ጫፍ አትጀምሩ። ቀኑ ያላለፈ ቢሆንም ቀለሙ የተለወጠ፣ የተሰነጠቀ፣ የተጣበቀ ወይም ያልነበረው ሽታ የመጣበት ፍሬ አይዋጥ።

የልብ፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰው ቀኑ ያለፈበትን ብቻ ይዞ ቢገኝ፣ ጥሎ ያለ መድኃኒት መቀመጥም ዝም ብሎ መዋጥም የለበትም፤ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሌላ ይለወጥለት ዘንድ ይጠይቅ።

ጊዜው ያለፈውን ለመድኃኒት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ መልሱ። መመለስ የማይቻል ከሆነ ፍሬውን ከማሸጊያው አውጥታችሁ ከአመድ ወይም ከቡና አተላ ጋር ለውሳችሁ በተቋጠረ ከረጢት ከቈሻሻ ጋር ይጣል፤ ወደ ወንዝና ወደ ምንጭ አይጣል። ባዶውን ሣጥን ቅደዱት፤ የብልቃጡንም ልጥፍ ልጣችሁ አንሡ፤ ልጥፉ ያልተላጠ ንጹሕ ብልቃጥ ተሰብስቦ እንደ ገና የሚሞላበት ቦታ አለና።